የአንድሮሜዳ ሰንሰለትና የአኮ ማኖዬ ጉድጓድ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለሥነ ጽሑፋችን የተነገረ ይመስላል። በሰማይ ላይ አንድ ሙሉ የኢትዮጵያ ንጉሣዊ ቤተሰብ አለን። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት፣ ደመና በሌለበት ጊዜ፣ ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ያንጋጠጠ ሰው ንጉሡን ሴፊየስን፣ ንግሥቲቱን ካሲዮፒያን፣ ከሁለቱም ከፍ ብላ ልጃቸውን አንድሮሜዳን ያገኛቸዋል። ልጅቷን ያገባት ጀግና ፐርሲየስም ከአጠገቧ አለ። ግሪኮች የእነዚህን ከዋክብት ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ የኢትዮጵያ ንግሥት፣ የኢትዮጵያ ልዕልት እያሉ ነው የተረኩት። እኛ ግን ከዚህች ላም ጠብታ ወተት አላለብንም።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በእንግሊዝኛው ዓለም የጥንት ግሪክ አፈ ታሪኮችን በሴቶቹ አንደበት እንደገና መተረክ ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ሆኗል። መጻሕፍቱ ባሕር ተሻግረው፣ በስልክም እየተላለፉ ወደ እኛ ወጣት አንባቢዎች መድረሳቸው አልቀረም። ከሰበታ ወይም ከቡራዩ ወደ መሐል ከተማ በሚገባ የጠዋት ታክሲ ውስጥ የሰርሲን ወይም የሜዱሳን ታሪክ የምታነብ ተማሪ ብታጋጥመን ልንገረም አይገባም።

ስለ መጻሕፍቱ የሚሰማው አስተያየት ከሁለት አይዘልም። አንደኛው ወገን ነገሩ የፈረንጅ ሴቶች ክርክር ነው፣ እኛን አይመለከተንም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የተጻፈውን ሁሉ እንዳለ ወደ አማርኛ ብንመልሰው የሚበቃን ይመስለዋል። ይህ ጽሑፍ ከሁለቱም አይስማማም። መጻሕፍቱ ያነሡት ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው፤ መልሱን ግን በእኛው ተረት ውስጥ፣ በእኛው ቋንቋዎች መፈለግ ይኖርብናል።

የተሰቀሉት ገረዶች

አስቀድመን መጻሕፍቱ ምን እንደሠሩ እንይ። በሆሜር «ኦዲሴይ» መጨረሻ ገደማ አንድ አሰቃቂ ነገር ይፈጸማል። ኦዲሲየስ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሚስቱን ለማግባት ያሰፈሰፉትን ወንዶች ከፈጀ በኋላ፣ ከወንዶቹ ጋር ተኝተዋል የተባሉትን አሥራ ሁለት ገረዶች ሬሳውን እንዲያወጡ፣ ደሙንም እንዲያጥቡ ያዛቸዋል። ሥራቸውን ሲጨርሱ ልጁ ቴሌማከስ በገመድ ይሰቅላቸዋል። ባለቅኔው ይህን በጥቂት ስንኞች ብቻ ነግሮን ያልፋል። አንባቢውም ለብዙ መቶ ዓመታት አብሮት አልፏል። እንዲያውም ከእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች አንዳንዶቹ በግሪኩ ውስጥ የሌለ ስድብ ለገረዶቹ ጨምረውላቸው ነበር። ኤሚሊ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመችው ትርጉም ስድቡን አንሥታ ልጃገረዶች መሆናቸውን ብቻ አስቀረች። አንድ ቃል ሲነሣ ፍርዱ በሙሉ ተናጋ። ለመሆኑ በገንዘብ የተገዛች ወይም በጦር የተማረከች ልጅ በጌታዋ ቤት ከሚያንዣብቡ መቶ ባለ ሰይፍ ወንዶች አንዱን «አልፈልግም» የማለት ምን ኃይል ነበራት?

ካናዳዊቷ ደራሲ ማርጋሬት አትዉድ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመችው «ፔነሎፒያድ» የቆመው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ፔነሎፒ ከሙታን አገር ሆና የራሷን ታሪክ ትናገራለች፤ የተሰቀሉት ገረዶች ደግሞ በጥንቱ ቲያትር እንደነበሩት መዘምራን በኅብረት እየገቡ ይዘፍናሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይከስሳሉ። መጽሐፉን ታላቅ የሚያደርገው ፔነሎፒንም ከተጠያቂነት አለማዳኑ ነው። ገረዶቹን ወንዶቹን እንዲሰልሉላት ያሰማራቻቸው እርሷ ነበረች፤ ሲሰቀሉ ግን አልደረሰችላቸውም። እመቤቲቱ አፍ ስታገኝ ገረዲቱ ዝም ካለች ተረቱ ገና አልተፈታም ማለት ነው።

ከአትዉድ በኋላ የመጡት ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም ግን በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። የፓት ባርከር «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ገርልስ» (2018 እ.ኤ.አ.) በትሮይ ጦርነት ተማርካ ለአኪሊስ እንደ ሽልማት የተሰጠችውን ብራይሲስን ታናግራለች። የምርኮኛ ሴቶች ሰፈር ሽታው፣ ሕመሙ፣ ሐሜቱ ሳይቀር ይታያል። ይሁን እንጂ ወደ መካከሉ ሲደረስ ትረካው ወደ አኪሊስ ይዞርና የልጅቷ ታሪክ እንደገና የጀግናው ታሪክ ጥላ ይሆናል። የማድሊን ሚለር «ሰርሲ»፣ እርሱም የ2018 ነው፣ ጠንቋይነትን እንደ እርግማን ሳይሆን ሥር በመማስ፣ ቅጠል በመቀጥቀጥና በመሳሳት እንደሚገኝ ሙያ አድርጎ ማሳየቱ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ሰርሲ አምላክ ናት፤ ሞት የማይነካት ሰው ነጻነቷን ስትፈልግ የምትከፍለው ዋጋ እንደ ገረዶቹ አይደለም። ከእነዚህ በታች ደግሞ ወንዱን ሁሉ አውሬ፣ ሴቲቱን ሁሉ ቅድስት አድርገው የሚወጡ ብዙ መጻሕፍት አሉ። እነዚያ ካባውን ገልብጠው ለበሱት እንጂ አልቀየሩትም።

ደግሞም ተረትን እንደገና መተረክ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት «ሜዲያ»ን መድረክ ላይ ሲያቀርብ ልጆቿን በገዛ እጇ የገደለች እናት አሳየ። ልጆቹን የገደሏቸው የቆሮንቶስ ሰዎች ናቸው የሚል ሌላ ወግ ግን በግሪኮች ዘንድ ነበር። ጀርመናዊቷ ክሪስታ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው «ሜዲያ» ያንን ወግ ተከትላ ግድያውን ከእናትየው ላይ አንሥታ በከተማው ሰው ላይ አደረገችው። እንግዲህ «እውነተኛው ተረት» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሌሎቹን አሸንፎ የቀረው ነው። እንደገና መተረክ ማለት አሮጌውን መዝገብ አስወጥቶ ይግባኝ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ

አሁን ወደ ሰማይቱ ላማችን እንመለስ። ተረቱ የሚታወቅ ነው። ካሲዮፒያ ከባሕር ልዕልቶች ይልቅ ውብ ነኝ ብላ ተመጻደቀች፤ በሌላው አተራረክ ልጄ ትበልጣለች አለች። የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ ጎርፍና አውሬ ላከ። ንጉሥ ሴፊየስ ምክር ቢጠይቅ ልጅህን ለአውሬው ስጥ የሚል መልስ አገኘ፤ አንድሮሜዳም በባሕር ዳር ከቋጥኝ ጋር ታሰረች። ሜዱሳን ገድሎ ሲመለስ የነበረው ፐርሲየስ አያት፣ ወደዳት፣ አውሬውንም ገደለ።

ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ሲተርከው አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። ፐርሲየስ ወደ አውሬው ከመሄዱ በፊት ከወላጆቿ ጋር ይዋዋላል፤ ባድናት ሚስቴ ትሁን ይላል፤ እነርሱም እርሷን ብቻ ሳይሆን መንግሥታቸውን ጥሎሽ አድርገው ይሰጡታል። ውሉ ሲፈጸም ልጅቷ ገና እንደ ታሰረች ናት። ያሰራት አባቷ፣ የተዋዋለባት አዳኟ፣ ቀድሞ የታጨችለትና ኋላ ሰርጓን በጦር የሚያውከው አጎቷ ፊኒየስ፣ ሁሉም ስለ እርሷ ይናገራሉ። ፈቃዷን የጠየቀ የለም። ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 ዓመት «አንድሮሜዳ» የሚል ቲያትር ጽፎ ነበር፤ ዛሬ የቀረው ቁርጥራጩ ብቻ ነው። በዚያ ቲያትር መክፈቻ ላይ ልጅቷ ታስራ ስታለቅስ የሚመልስላት የገደል ማሚቶ ብቻ ነበር።

መልኳም እንደ ድምፅዋ ተወስዷል። ኦቪድ በአንድ ሥራው የአገሯን ሰው መልክ የያዘች ጠይም መሆኗን ጽፎ ሳለ የአውሮፓ ሠዓልያን በአብዛኛው ነጭ አድርገው ሣሏት። ናታሊ ሄይንስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመችው «ስቶን ብላይንድ» የሜዱሳን ታሪክ ስትተርክ ለአንድሮሜዳም ቦታ ሰጥታታለች፤ ዋናው ትኩረት ግን ሜዱሳ ናት።

እዚህ ላይ ከብሔራዊ ኩራት መጠንቀቅ ይገባል። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ያሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ የጥቁር ሕዝብ አገር ነው፤ የዛሬውን ድንበራችንን አይደለም። አንድሮሜዳ የታሰረችበትን ቋጥኝ በፍልስጥኤም ባሕር ዳር በኢዮጴ ያሳዩም ነበሩ። ስለዚህ ልጅቷ የእኛ ናት ብሎ መፎከር ብዙ አያራምድም። የሚያራምደው ሌላ ነገር ነው፤ በአገራችን አንዲት ለዘንዶ የታሰረች ልጅ አለች፤ የእርሷ ታሪክ ፍጻሜ ግን ከአንድሮሜዳ ይለያል።

ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው የአክሱም ትውፊት ውስጥ እትዬ አዜብ የምትባል ልጅ አለች። ሕዝቡ ለዘንዶ ይገብር ነበር፤ ተራው ሲደርስ ወላጆቿ ከዛፍ ጋር አስረዋት ሄዱ። ሰባት ቅዱሳን ከዛፉ ጥላ ሥር መጥተው ተቀመጡ፤ እንባዋም ወርዶ ነካቸው። ዘንዶውን ገደሉት፤ ከደሙ ጥቂት ተረከዟ ላይ ቢንጠባጠብባት እግሯ የአህያ ሆነ። ወደ መንደሯ ብትመለስ አምልጣ መጣች ብለው አባረሯት። ማግስቱን ግን ወስዳ የዘንዶውን ሬሳ አሳየቻቸው፤ አለቃቸውም አድርገው ሾሟት። እርሷም እንደ እርሷ ያለች ልጅ መርጣ አማካሪዋ አደረገቻት።

ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን ማቆም ይጠቅማል። አንደኛዋ ከሰንሰለት ወደ ጫጉላ ተወሰደች፣ መጨረሻዋም የባሏ አገር ሆነ። ሁለተኛዋን ያዳኗት ቅዱሳን ሊያገቧት አልጠየቁም፤ ወደ አባረራት ሕዝብ ተመልሳ ገዛችው። አፈ ታሪክን በሴት ዓይን መተረክ ከውጭ የመጣ ነው የሚል ሰው ይህን የአክሱም ትውፊት ያንብብ። የአህያ እግሯን ሳትደብቅ፣ የአሳሪዎቿን ስም ሳታጠፋ ሥልጣን ላይ የወጣች ልጅ ታሪክ ከእኛው አፍ የተመዘገበ ነው።

የንግሥቲቱ ውኃ፣ የደንገጡሯ ዕጣ

ይህቺው እትዬ አዜብ በክብረ ነገሥት ማክዳ ሆና ትመጣለች። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግእዝ የተደረሰው መጽሐፍ ስለ እርሷ ጥበብ ብዙ ይላል። ይሁን እንጂ በኢየሩሳሌም የሆነውን ሌሊት እንደገና እናንብበው። ሰሎሞን በቅመም የበዛ፣ ውኃ የሚያስጠማ ምግብ አቀረበላት። በግድ እንዳይደርስባት ቃል ስታስገባው፣ እርሱም ከቤቱ ምንም ነገር ላትወስድ አስማላት። ሌሊት ጥማት ሲያቃጥላት የተቀመጠላትን ውኃ ብታነሣ መሐላሽን አፈረስሽ ብሎ ያዛት። ይህን ታሪክ በአደባባይ ሥዕል፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል ተከፍሎ፣ በየሥዕል መሸጫው ሰቅለን በኩራት እናሳያለን። እንግዳ የሆነች ንግሥት በውኃ ስትጠመድ የሚያሳየውን ክፍል ግን እንደ ዋዛ ነው የምናልፈው። ውኃ ከሀብት ይቆጠራል ወይ? የተጠማን ሰው በውኃ ማስያዝ በየትኛው የእንግዳ አቀባበል ደንብ ይፈቀዳል? ዛሬ ለማክዳ ይግባኝ የሚጽፍ ደራሲ ክርክሩን ከዚህ ሊጀምር ይችላል።

ከዚያም የከበደው አለ። በብዙ ሥዕልና በቃል ትውፊት ንግሥቲቱ ብቻዋን አልነበረችም፤ ደንገጡሯም ውኃ ጠጣች፣ ደንገጡሯም ፀነሰች። የዛጔ ነገሥታት ከዚያች ደንገጡር ልጅ ይወለዳሉ የሚል ወግም አለ። የንግሥቲቱ ልጅ ምኒልክ ጽላት ይዞ ሲመጣ፣ ሥርወ መንግሥት ሲመሠርት፣ የደንገጡሯን ስም የሚያነሣ ግን የለም። የአትዉድን አሥራ ሁለት ገረዶች አንብቦ ያዘነ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የራሱን አገር አሥራ ሦስተኛዋን ገረድ በዚህ ያገኛታል።

ክብረ ነገሥት ከንግሥቲቱ በኋላ በኢትዮጵያ ወንድ እንጂ ሴት እንዳትነግሥ መወሰኑንም ይነግረናል። ይህ ውሳኔ ለብቻው የቆመ አይደለም። አውግስጢኖስ ከሮማዊው ከቫሮ አግኝቶ ያቆየው አንድ የአቴና ወግ አለ። በንጉሥ ኬክሮፕስ ዘመን ከተማይቱ በአቴና ስም ትጠራ ወይስ በፖሲዶን የሚል ክርክር ተነሣ፤ ያኔ ሴቶችም ድምፅ ይሰጡ ነበርና ወንዶቹን በአንዲት ድምፅ በልጠው አቴናን መረጡ። ፖሲዶን በጎርፍ ቀጣ፤ ወንዶቹም አምላኩን ለማብረድ በሴቶቹ ላይ ሦስት ቅጣት ጣሉ። ከእንግዲህ ድምፅ አይስጡ፣ ልጅም በእናቱ ስም አይጠራ፣ እነርሱም የአቴና ሰው አይባሉ ተባለ። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ አሸንፈው ድምፃቸውን አጡ። እኛ ዘንድም ንግሥት ዘውዲቱ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. በዙፋን ላይ ተቀምጠው ሳለ የጥንቱ ቃል እንዳልፈረሰ ሆኖ ይተረካል። በመሠረቱ ይህ ዓይነት ተረት ሥራው ሴቶች ያጡትን ነገር በራሳቸው ጥፋት እንዳጡት ማሳመን ነው።

ጉድጓዱን የቆፈረው ማን ነው?

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ዛሬም በሕይወት ያለው የአኮ ማኖዬ ተረት ነው። በኦሮሞ ዘንድ፣ በተለይ በደቡቡ በጉጂና በቦረና፣ በሰፊው ይነገራል። ድሮ ሴቶች ይገዙ ነበር፤ ንግሥቲቱም አኮ ማኖዬ ክፉ ነበረች ይባላል። ወንዶቹን የማይቻል ነገር ታዝዛቸዋለች፤ በሰማይና በምድር መካከል ቤት ሥሩልኝ፣ በቁንጫ የተሞላ ስልቻ አምጡልኝ ትላለች። በአንዱ አተራረክ ሽማግሌዎች እንዲገደሉ አዘዘች፤ አንድ ልጅ አባቱን ደብቆ አስቀረ፤ ያ ሽማግሌ እንቆቅልሹን ሁሉ ፈታ። በመጨረሻ ወንዶቹ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ላዩን ሸፍነው መቀመጫዋን በላዩ አደረጉ፤ ወድቃም ሞተች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዶች ይገዛሉ። ሲዳማም ንግሥት ፉራ የምትባል አላት፤ እርሷን በአውሬ ላይ አስረው ለቀቋት፣ የአካሏ ክፍል በየወደቀበት ቦታ ስም ወጣለት ይባላል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ በአንድ ግቢ የሚነገርባቸው ናቸው። አኮ ማኖዬን የሚያውቅ ሰው በማናቸውም አይጠፋም። ተረቱ የሚመጣው ግን ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ባልና ሚስት ተጣልተው ነገር በሽምግልና ሲታይ፣ ሴቲቱ ከተጠበቀው በላይ ስትከራከር፣ አንዱ የአኮ ማኖዬን ነገር ጣል ያደርግና ሁሉም ይስቃል። ሳቁ ፍርድ ነው። የሚሳቅባት ሴት ማን ናት? ሌሊት ተነሥታ በሰበታ ዙሪያ ወዳለው የአበባ እርሻ የምትሄድ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ቁልቁል የምትወርድ፣ ከሱሉልታ ወተት ይዛ ገበያ የምትወጣ ሴት ናት። በሰማይና በምድር መካከል ቤት ሥሩልኝ ያለችው የተረቷ ንግሥት ናት፤ የማይቻለውን በየቀኑ የምትታዘዘው ግን ይህቺ ናት። የኪራይ ቤት፣ የልጅ ትምህርት፣ የአማት መጦሪያ፣ ሁሉም ከአንድ ደመወዝ።

ስዊዘርላንዳዊው ባኾፈን እ.ኤ.አ. በ1861 የግሪክን ተረቶች ተከትሎ በጥንት ዘመን የሴቶች አገዛዝ ነበረ ብሎ ጽፎ ነበር። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ጆአን ባምበርገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 የደቡብ አሜሪካ ሕዝቦችን ተመሳሳይ ተረቶች መርምራ ሌላ ነገር አየች። እንዲህ ያሉ ተረቶች የታሪክ ምስክር ሳይሆኑ ወንዶች ለምን እንደሚገዙ ማስረጃ ሆነው የሚቀርቡ ናቸው አለች። ሴቶች ገዝተው ነበር፣ አልቻሉበትም፣ ስለዚህ ተነጠቁ። የአቴናው ድምፅ፣ የክብረ ነገሥቱ ውሳኔ፣ የአኮ ማኖዬ ጉድጓድ በዚህ ረገድ የአንድ ችሎት ሦስት ፍርዶች ናቸው።

ሆኖም የኦሮሞ ባህል ራሱ ለተረቱ መልስ የሚሆን ነገር አለው። ሙሽራዪቱ ከቤት ስትወጣ እናቷ የምትሰጣት ሲንቄ የምትባል በትር አለች። አንዲት ሴት በባሏ ስትበደል፣ ይልቁንም በአራስነቷ ወራት ስትነካ፣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እልል እያሉ ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ወንዶች ሊጋደሉ ሲሉም ሴቶች ሲንቄ ይዘው መካከላቸው ከቆሙ ሰልፉ ይበተናል። ኩዌ ኩምሳ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመችው ጥናት ይህን ሥርዓት የሴቶች መብት ማስከበሪያ ተቋም አድርጋ አሳይታዋለች። እንግዲህ በአንድ ባህል ውስጥ ሴቶች መግዛት አይችሉም የሚል ተረትና በሴቶች እጅ ያለ የፍትሕ በትር ጎን ለጎን ኖረዋል። ተረቱ በከተማው ሲነገር በትሯ ግን ብዙ ጊዜ አብራ አትነሣም። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይመስልም።

አኮ በአፋን ኦሮሞ አያት ማለት ነው። ስለ አያት የሚነገረውን ይህን ክፉ ተረት ለልጅ ልጆቻቸው ከሚያወርሱት መካከል ሴት አያቶችም አሉ። አንዲት አያት ስለ ራሷ ስም እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ድምፅዋ የት ላይ ይለሰልሳል? የትኛውን ትዘላለች? የሚሳቅበት ቦታስ ከሽማግሌው ጋር አንድ ነው? ለዚህ ተረት ይግባኝ የሚጽፍ ደራሲ ሥራውን መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። አኮን ቅድስት ማድረግ አይጠበቅበትም። ክፉ ትሁን፤ ገዢ ሁሉ ክፋት ያውቃል። ነገር ግን ብዙ ክፉ ንጉሥ በተረት ውስጥ ሞቶ «ከእንግዲህ ወንድ አይግዛ» የተባለበት ጊዜ ለምን እንደ ሌለ ይጠይቅ። ጉድጓዱን ስንት ሌሊት ቆፈሩት? አፈሩን የት ደበቁት? ምንጣፉን ከላይ ያነጠፈችው፣ ምናልባትም ምን እንደሚጠብቃት እያወቀች ያነጠፈችው ገረድ ማን ነበረች?

የተጀመሩ ሥራዎች

መንገዱ ፈጽሞ ያልተሞከረ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ ያሳተመው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» በኦሮሞ እምነትና በግሪክ ትራጄዲ መካከል የቆመ ቲያትር ነው። ኡኩቴ በትንቢት ትእዛዝ ለሻንካ ትዳራለች፤ የበኩር ልጃቸው ለአያቶች መንፈስ መሥዋዕት እንዲሆን ተፈርዷል። ሸክሙ ያረፈው በእርሷ ማኅፀን ላይ ነው፤ ክርክሩ ግን በሻንካና በወዳጁ በጎኣ መካከል ይካሄዳል፤ እርሷም በወሊድ ትሞታለች። ቲያትሩ ትልቅ ነው። ያም ሆኖ ነገሩን የሚመዝኑት ወንዶቹ ናቸው። ዛሬ ይህን ሥራ እንደገና የሚያዘጋጅ ሰው ምጡን መድረክ ላይ ቢያመጣው ምን እንደምንሰማ መገመት አያዳግትም።

ከዚያ ወዲህ እስከ ሩቅ የሄደችው አዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ የምትኖረው መዓዛ መንግሥቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችውና በማግስቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የነበረው «ዘ ሻዶው ኪንግ» (የጥላው ንጉሥ) ጭብጡ የጣልያን ወረራ ነው፤ ቅርጹ ግን ከግሪክ ትራጄዲ ብዙ ወስዷል። እንደ ጥንቱ መዘምራን በኅብረት የሚናገሩ ሴቶች አሉበት። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ወላጅ አልባዋ ገረድ ሂሩት ናት። የአባቷን ውጅግራ ጌታዋ ኪዳኔ ይወስድባታል፤ ይኸው ለአገሩ የሚዋጋ አርበኛ ይደፍራታል። እመቤቷ አስቴርም ትበድላታለች፣ ኋላም ከጎኗ ትሰለፋለች። ደራሲዋ አርበኛውን ከአርበኝነቱ ሳታወርድ፣ ደፋሪነቱንም ሳትሸፍን ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማስቀመጥ ችላለች። ንጉሡን መስሎ ሕዝቡን የሚያጽናናው ገበሬ ስሙ ምንም ነው፤ ሆሜርን ያነበበ ሰው ኦዲሲየስ አንድ ዓይናውን ግዙፍ «ስሜ ማንም ነው» ብሎ ያታለለበትን ያስታውሳል። በንጉሡ ምዕራፎች ደግሞ ተማርካ ለግብፃውያን ባሪያ የሆነችው የቬርዲ ኢትዮጵያዊት ልዕልት አይዳ ትነሣለች። እንግዲህ መጽሐፉ የአትዉድን ፈተና አልፏል፤ ገረዲቱ ትናገራለች። የሚቀረው ቅር መሰኘት አንድ ነው። ወጥ ቤቷ እስከ መጨረሻው በሥራዋ ትጠራለች፤ ስም የላትም። ይህ የታሰበበት ቢሆን እንኳ፣ ከገረዲቱ በታች ሌላ ገረድ ሁልጊዜ እንዳለች ያስታውሰናል።

እንግዲህ ለወጣት ደራሲዎቻችን የሚባለው ይህ ነው። ሰርሲንና ሜዱሳን አንብቡ፤ ትርጉምም ያስፈልጋል። ነገር ግን የሜዱሳን አማርኛ ከመጻፋችሁ በፊት በዚያው ዓይን አኮ ማኖዬን ጠይቁ። መዝገቡ በሰው አፍ ነው ያለው፤ አያቶች ደግሞ አይጠብቁም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች አሏቸው፤ ለዚህ ሥራ ከእነርሱ የሚሻል የለም። መቅረጫ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ አለ። ከሽማግሌው ተረቱን ከሰማችሁ በኋላ ከሴት አያቲቱም ለብቻዋ ስሙት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፏቸው። በአፋን ኦሮሞ የተነገረውን በአፋን ኦሮሞ መዝግቡት፤ ወደ አማርኛ ሲመለስም የአያቲቱ ዝምታ የት ቦታ እንደ ነበረ አትርሱ። በመጨረሻ ከእነርሱ አንዱ ቤት ስትገቡ ሲንቄዋ የት እንደ ተሰቀለች ጠይቁ። ከግድግዳ ላይ ካለች ማን እንደ ሰጣት፣ ለመጨረሻ ጊዜም መቼና ለማን እንደ ወጣች የምትነግራችሁ አያት ቀሪውን ታሪክ ራሷ ትጀምርላችኋለች።